በትከሻዬ ላይ የተለጠፈ ጆሮ

«አልደከመኝም አልኩሽ፣ ሲስተር!»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሱ ንገረው» አለች ሲስተር ሐረገወይን፣ ወገቤ ላይ የታሰረውን ሳጥን በጣቷ እያሳየችኝ። ሳጥኑ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ አያፍርም።

«እኔ ከሳጥን ጋር አልከራከርም። ትከሻው የእኔ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል።»

«እንግዲያው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲዋሽህ ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ሃያ ጊዜ አንስተህ ጭጭ ያለ ሳጥን ዛሬ ዘጠነኛው ላይ ለምን ይጮኻል? አውርደው። አውርደው እኮ ነው የምልህ፣ ዑበይዳ!»

አላወረድኩትም። አሸዋ የተሞላውን ከረጢት አሥረኛ አነሳሁት፣ አሥራ አንደኛ አነሳሁት፣ ሳጥኑም ከእኔ ጋር እልህ የተጋባ ይመስል ጩኸቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ሲስተር ከረጢቱን ከእጄ ነጥቃ መሬት ላይ ጣለችው።

«ማሽኑ ነው የታመመው» አልኳት። «በዚህ ሙቀት ሰው እንኳን ይታመማል።»

ባትሪውን ቀየረች። እንደገና አነሳሁ። እንደገና ዘጠኝ ላይ ጮኸ።

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ፣ ወደቡ ላይ፣ ካቦው ፊት ምን ብዬ ልቆም ነው?» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው የከበደኝ። «ድኗል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈርሜበታለሁ እኮ!»

«ድኛለሁ።»

«ወይ ሳጥኑ ይዋሻል፣ ወይ አንተ ትዋሻለህ። አሥር ሰዓት ላይ እናየዋለን። ተለጣፊዎቹን እንዳትነቅላቸው፣ የቀሩኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ከነሳጥኑ ሂድና ተኛ።»

ተኛ ማለት ቀላል ነው። በሰኔ ቀትር አሰብ ሁሉ ይተኛል፣ ክሬኑ ይቆማል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው መኪና ሥር ይገባል፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን አልፎ እስኪሰማኝ ድረስ ያንኮራፋል፣ እኔ ብቻ ካምቦ ሱዳን ሰፈር በምትገኘው ክፍሌ የገመድ አልጋ ላይ በቀኝ ጎኔ ተኝቼ ዓይኔን እንዳፈጠጥኩ ነኝ፣ በግራ መተኛት አልችልም፣ በግራ ትከሻዬ ላይ ሦስት ሳንቲም የሚያካክሉ ተለጣፊዎች አሉ፣ ከእነሱ የሚወርዱት ሽቦዎች ጀርባዬ ላይ በፕላስተር ተይዘው ወገቤ ድረስ ይመጣሉ፣ ወገቤ ላይ ሳሙና የሚያክል ሳጥን አለ። ሲስተር መጀመሪያ ቀን ስትለጥፍልኝ፣ ጡንቻ ሲሠራ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያወጣል አለችኝ። ያልደከመ ጡንቻ ቶሎ ቶሎ በቀጭኑ ያወራል፣ የደከመ ጡንቻ ድምፁ ይወፍራል፣ ይዘገያል፣ ይሄ ጆሮ ነው በለው፣ ድምፁ ሲወፍር ይሰማና ይነግረናል። ለሦስት ወር መጥቶ የነበረ ጣሊያን ሐኪም ነው ትቶላት የሄደው። ያ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ለማወዳደር ብሎ ጤነኛውን የቀኝ ትከሻዬን ለካው። ከባድ ብረት አስነሳኝ፣ አነሳሁ፣ ጨመረ፣ አነሳሁ፣ ሳጥኑ ጸጥ አለ፣ ሐኪሙ ሲስተርን ጠርቶ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ሲላት ሳቀች፣ ስፖርተኛ ነው ወይ ይላል አለችኝ። የጆንያ ስፖርተኛ ነው በይው አልኳት። ያን ቀን ከክሊኒኩ ስወጣ ሰው ሁሉ ቀኝ ትከሻዬን የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ሱሪው ያቃጥላል። ሽርጤን ለብሼ እንዳልመጣ የነገረችኝ ሲስተር ናት፣ ሳጥኑ ቀበቶ ላይ በደንብ ይያዛል ብላ። አሥራ አንድ ዓመት በሽርጥ የኖረ ሰው ምን ሱሪ ያስለብሰዋል? ግን ለዛሬ እሺ አልኳት፣ ዛሬ ሁሉ ነገር እሺ ነው፣ ዛሬ ሃያ ጆንያ ነው። የጫኝና አውራጅ ቡድናችን አለቃ ካቦ ኃይለጊዮርጊስ ያሉት ይሄን ነው፦ ሳጥኑ ሳይጮኽ ከክምሩ እስከ መኪናው ሃያ ጆንያ ከተሸከመ ቦታው የእሱ ነው፣ ካልተሸከመ የሥራ ካርዱን ለሌላ እሰጣለሁ፣ ስድስት ወር ጠብቄዋለሁ። እውነታቸውን ነው፣ ጠብቀውኛል። የሥራ ካርድ ከሌለ የመኖሪያ ወረቀት አይታደስም፣ ወረቀት ከሌለ ባቲ ነው፣ ባቲ ደግሞ እማዬ አለች፣ በአንድ ትከሻ እንዴት አድርጌ እማዬ ፊት እቆማለሁ?

አሰብ ስመጣ አገሬ ነበረች። ከባቲ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ ስወርድ ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተነሳሁ፣ ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ያው ጨዋማ ውሃ፣ እና የውጭ አገር ሰው ነህ ተባልኩ። እኔ የትም አልሄድኩም እኮ። መጀመሪያ ያወቅኩት ቴሌ ነው። ሁልጊዜ የምሄድበት አንደኛ መስኮት ላይ ቆሜ ባቲ ስል፣ ልጅቷ፣ አባባ፣ የውጭ ጥሪ ሦስተኛ መስኮት ነው አለችኝ። አባባ ማለቷ ይሁን የውጭ ማለቷ የትኛው እንደከፋኝ አላውቅም። አባቴ በሞተ ጊዜም እዚያው ሦስተኛ መስኮት ላይ ነው የሰማሁት። ያኔ ብሄድ ተመልሶ መግቢያው ወረቀት ገና አልወጣልኝም ነበር። አልሄድኩም። እማዬ ለምን አልመጣህም አላለችኝም። አልሐምዱሊላህ አንተ ደህና ሁንልኝ ነው ያለችው፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ዓርብም ደውያለሁ። እማዬ ጦይባ ስልክ ያለበት ሱቅ ድረስ በእግሯ መጥታ ትጠብቀኛለች፣ ባለሱቁ ዓሊዪ ወንበር ያወጣላታል፣ እሷ ግን ስልክ ቆማ ነው የምታወራው።

«ልጄ፣ ትከሻህ እንዴት ሆነ?»

«ድኗል፣ እማዬ። አሁን ሽቦ ለጥፈው ይለኩታል።»

«ሽቦ? ምን አድርገህ ነው ሽቦ የሚያደርጉብህ?»

«ድካም መለኪያ ነው። ጡንቻዬ ሲደክም ይጮኻል።»

«ያረቢ! ደግሞ ለዚህም ማሽን ወጣለት?» ብላ ሳቀች። «እኔ አንተን ስጠብቅ ድካምህን ከበር ላይ አውቀው ነበር፣ ያለ ሽቦ። አሁንስ ደክሞሃል?»

«አልደከመኝም።»

ከዚያ ገበያ ላይ ስላየችው ስንዴ ታወራልኝ ጀመር። እማዬ በባቲ ገበያ ከውጭ የገባ ስንዴ ባየች ቁጥር ጆንያውን በእጇ እየዳበሰች፣ ይሄን የተሸከመው ልጄ ነው ትላለች አሉ፣ ነጋዴዎቹ ይስቁባታል፣ እሷ አትሰማቸውም። ይስቁ። እውነቷን ነው። ያ ሁሉ አገር የበላው ስንዴ ከመርከብ ብቻውን እግር አውጥቶ አልወጣም፣ በእኛ ትከሻ ነው የወጣው፣ በካቦ ኃይለጊዮርጊስ ቡድን ትከሻ፣ አንድ ክረምት ላይ ስድስት መርከብ አከታትለን ባዶ ስናደርግ የመጨረሻው መርከብ ካፒቴን ቆቡን አውልቆ ሰላምታ ሰጥቶናል፣ እኔ ያን ጊዜ ወደ መኪናው በሚያወጣው ሳንቃ ላይ መጀመሪያ የምወጣው ሰው ነበርኩ። መጀመሪያ የሚወጣ ሰው እርምጃውን ለሁሉም ይመድባል። ከእኔ ኋላ ጀዕፈር ነበር።

ጀዕፈር ባሕሩ ዳር ያለችው የዒድ መንደር ልጅ ነው፣ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ባሕሩን ትቶ ጆንያ መረጠ፣ ዓሣ ይሸሻል ጆንያ አይሸሽም ይላል። በእኛ ቡድን እያንዳንዱ የኋላ ሰው አለው። ሳንቃው ጠባብ ነው፣ ወደ መኪናው ሽቅብ ይወጣል፣ የፊቱ ሰው ከወደቀ የሚወድቀው በኋላው ሰው ላይ ነው። ጆንያ ከሰው ትከሻ ላይ የሚቀበልም የኋላ ሰው ብቻ ነው፣ መቀበሉ ራሱ ይሄ ሰው የእኔ ነው ማለት ነው፣ ከተቀበለው በኋላ ካቦ እንኳን ያን ሰው ከሰልፉ አያወጣውም። ካልተቀበለው ሰውየው ጆንያውን ራሱ መሬት ላይ ያወርዳል፣ ያወረደ ሰው ደግሞ በማግስቱ አይመጣም፣ ማንም ሂድ ሳይለው። አንድ ሽማግሌ እንዲያ ሲሄዱ አይቻለሁ። ደከመኝ የሚል ሰውም የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ይሄን ቃል ሲናገር አልሰማሁም። የደከመው ሰው ቆም ይልና ሽርጡን ያጠብቃል። በቃ። የላላ አስመስሎ ይፈታዋል፣ ቀስ ብሎ ያስረዋል፣ ትንፋሹ ይመለሳል፣ ሌሎቻችን ወደ ባሕሩ እናያለን፣ ያየነው ነገር የለም።

ከስድስት ወር በፊት፣ ትከሻዬ የተጎዳ ቀን፣ ሽርጤን ማጥበቅ ነበረብኝ። መኪኖች እስከ በሩ ድረስ ተሰልፈዋል፣ ሾፌሮቹ ክላክስ እያደረጉ ነው፣ ግራ ትከሻዬ ከጠዋት ጀምሮ እየነደደ ነው፣ ካቦ እያዩኝ ነው፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምወጣው ሰው ነኝ፣ መጀመሪያ የሚወጣ ሰው ሽርጡን ካጠበቀ ሰልፉ ሁሉ ይቆማል። አላጠበቅኩም። ሳንቃው መሃል ላይ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፣ ጆንያው ሸሸኝ፣ ከኋላዬ የጀዕፈርን ድምፅ ሰማሁ፣ ጩኸት አልነበረም፣ ትንፋሽ ነው። ሁለት የእግር ጣቱ ተቆረጠ። በሁለተኛው ወር በክራንች እየተራመደ ክሊኒክ ሊጠይቀኝ መጣና፣ «እግሬ ላይ ጆንያ አስቀምጠህ ስታበቃ አንተ ነህ አሁን ታምሜያለሁ የምትለው?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደክሞኝ ነበር አላልኩትም። ካቦም ጆንያው እርጥብ ነበር ብለው ጻፉ፣ እኔም እርጥብ ነበር አልኩ። እርጥብ አልነበረም።

አሁን ጀዕፈር ሥራ ላይ ነው፣ ያነክሳል፣ ከፊቱ ባለው የእኔ ቦታ ማንንም አላስገባም አሉኝ።

ሱሪውን አልቻልኩትም። ተነሳሁ፣ አወለቅኩት፣ ሽርጤን አገለደምኩ፣ ሳጥኑን እንደ ባለፈው ሳምንት እጥፋቱ ውስጥ ሻጥኩትና አጠበቅኩ። ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ጭው ባለ ቀትር ባይሆን አልሰማውም ነበር፣ ቅጭ። እጥፋቱን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የሳጥኑ አረንጓዴ መብራት ጠፍቷል። የሽቦው መሰኪያ በጨርቁ ተስቦ ግማሹ ወጥቷል። ገፋ አደረግኩት፣ በራ። ሽርጤን ፈትቼ አጠበቅኩ፣ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ለካ እንዲህ ነው። እስከ ባለፈው ሳምንት ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ባለፈው ሳምንት ቆሜ እንዳነሳ ስትፈቅድልኝ ወገቤ ላይ፣ ሽርጤ እጥፋት ውስጥ አሰረችው፣ እኔም ስምንተኛው ላይ ሲነደኝ እንደ ልማዴ ሽርጤን አጠበቅኩ፣ እሷም እንዳይወልቅብኝ የፈራሁ መስሏት «አይወልቅም፣ ማንም አያይህም» ብላ ስታሾፍብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ድረስ ጭጭ። ስትፈታልኝ መሰኪያውን ራሷ ስለምትነቅለው አላየችም። እጄን ጨብጣ ዘለለች እኮ። በአሰብ የመጀመሪያው ነህ፣ በዚህ ሳጥን ታይቶ ወደ ሥራ የሚመለስ የመጀመሪያው ሰው ነህ አለችኝ፣ እኔም በኩራት ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ያ ሁሉ ኩራት የአንድ መሰኪያ ነበር።

ጣሪያው ይንጣጣል። አሥር ሰዓት ሊሆን ምን ቀረው? በሱሪ ከሄድኩ ዘጠኝ ላይ ይጮኻል። በሽርጥ ከሄድኩ ማንም ለምን በሽርጥ መጣህ አይለኝም፣ ወደቡ ሁሉ በሽርጥ ነው፣ ስምንት ላይ አጠብቃለሁ፣ ቅጭ፣ ከዚያ የቀረውን በጥርሴም ቢሆን እሸከመዋለሁ። ሃያ። ካርዱ ይመለሳል፣ ወረቀቱ ይታደሳል፣ ዓርብ ሦስተኛ መስኮት ላይ ቆሜ፣ እማዬ ሥራ ጀመርኩ እላታለሁ። ሱሪውን አየሁት፣ ወለሉ ላይ ተጨራምቶ ወድቋል። መሰኪያውን ገፋ አድርጌ በሽርጤ ወጣሁ።

ካቦ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ክምሩ አጠገብ ቆመዋል። ሲስተር ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከጥላው ወጥታ መጣች፣ ሽርጤን አየች። ተለጣፊዎቹን በጣቷ ጫን ጫን አደረገቻቸው፣ የሳጥኑን መብራት አይታ ወደ እጥፋቱ መለሰችው። ሸሚዜን አልለበስኩም፣ ሰው ሁሉ ሽቦዬን ያያል። «ይኸው ራዲዮ ጣቢያ መጣ!» አለ አንዱ። «ዜና አሰማና!» አለ ሌላው። ጀዕፈር ከኋላዬ ገባ፣ «እግሬን እያየህ ሂድ፣ ስምንት ጣት ነው የቀረኝ» አለኝ በጆሮዬ።

አንድ። ትከሻዬ ጆንያውን ያስታውሰዋል፣ ክብደቱ የናፈቀኝ ሰው ይመስላል። ሁለት፣ ሦስት። ሳንቃው ከሥሬ ይላጋል፣ እርምጃዬን እመድባለሁ፣ ከኋላዬ የጀዕፈር እግር አንዱ ጠንከር አንዱ ላላ እያለ ይከተላል። አምስት። ቡድኑ አብሮኝ መቁጠር ጀመረ። ሰባት ላይ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ይቆጥራሉ። ስምንት ላይ ነደደኝ። ቆምኩ። እጄ ራሱ ያውቀዋል፣ ሽርጤን ፈታሁ፣ ሁሉም ወደ ባሕሩ አዩ፣ ሲስተር ብቻ እኔን አየች፣ አጠበቅኩ። ቅጭ።

ዘጠኝ! አሉ። ሳጥኑ ጸጥ። አሥር! አሥራ አንድ! ሲስተር እጆቿን አገናኝታ አፏ ላይ አድርጋለች። አሥራ ሁለት ላይ ትከሻዬ የእኔ አልነበረም። አሥራ ሦስት! ሰዉ ያጨበጭባል፣ ካቦ ፈገግ ብለዋል፣ ካቦ ፈገግ ሲሉ አይቼ አላውቅም፣ እኔም ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አሥራ አራተኛውን ጫኑብኝ። ወደ ሳንቃው ዞርኩ። ያኔ ከኋላዬ ያ እግር ተሰማኝ፣ ጠንከር፣ ላላ፣ ጠንከር፣ ላላ። ምንም ሳይጠይቅ ይከተለኛል። ቦታዬን ስድስት ወር የጠበቀልኝ ሰው ነው፣ ለጆንያው እርጥበት ሁለት ጣቱን የከፈለ የሚመስለው ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ እንደዚያ ቀን እየነደድኩ ሳንቃው ላይ ልወጣ ነው፣ አሁን እንኳን በጸጥታው ላይ ጭብጨባ ተጨምሮልኝ።

የሳንቃው ጫፍ ላይ ቆምኩ። በቀኝ እጄ እጥፋቱን ገለጥኩ። መሰኪያውን ገፋሁት።

ጢጥ ጢጥ ጢጥ ጢጥ።

ጭብጨባው ተቆረጠ። ሲስተር ወደ ሳጥኑ አየች፣ ወደ እጄ አየች፣ ከዚያ ወደ ሽርጤ፣ ሁሉም ነገር ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁ። ካቦ «ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«ሽርጤን ሳጠብቅ ሽቦው ይወጣል፣ ካቦ። ለዚህ ነው ዝም ያለው። ሲስተር አላወቀችም፣ እኔም እስከ ዛሬ ቀትር አላወቅኩም። አሁን ግን እያወቅኩ ነው ያጠበቅኩት።»

«ታዲያ?»

ጆንያው ትከሻዬ ላይ ነው። ሳጥኑ ይጮኻል። እንዲህ ያለ ቃል በዚህ ወደብ ላይ እንዴት እንደሚነገር የሚያሳየኝ ሰው የለም።

«ደክሞኛል» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሾፌሮቹም ሰሙ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳልዞር፣ መዞር ስላልቻልኩ፣ «ያን ቀንም ደክሞኝ ነበር። ጆንያው እርጥብ አልነበረም፣ ጀዕፈር» አልኩ። የሚገርመው፣ አላፈርኩም። አንገቴ ቀና ብሎ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከተሸከምኳቸው ሁሉ የከበደውን አንስቼ ሳንቃው ላይ ያወጣሁ መሰለኝ፣ እማዬ ብታየኝ ደስ ባለኝ አልኩ በልቤ፣ በጆንያው ሳይሆን በዚህ፣ ይሄን የተናገረው ልጄ ነው ትበል።

ካቦ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አወረዱት። «ሃያ ነበር የተባለው፣ ዑበይዳ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ ሃያ ነበር።»

ማንም ወደ ባሕሩ አላየም። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። ጆንያውን ራሴ ላወርደው ጉልበቴን ማጠፍ ጀመርኩ፣ ሽማግሌው እንዳወረዱት፣ ያኔ ከኋላዬ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ጀዕፈር የራሱን ጆንያ አስቀምጧል። ዞሮ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። ፊቱ ላይ ሳቅም ቁጣም አልነበረም። ዝቅ ብሎ ትከሻውን ከጆንያዬ ሥር አስገባ፣ ክብደቱ ከላዬ ላይ ተነሳ፣ ሳጥኑ ጸጥ አለ፣ ጀዕፈርም ያችን አንካሳ እግሩን አስቀድሞ ሳንቃውን ወጣ።